የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ ተቃውሟችን በሃምሳው ላይ አይደለም



ውድ የቢቸናና የሞጣ ጀመዓዎች!

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ማግስት በየመስጂዱ በር የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ከሰላት ወጥቶ ጫማውን እያደረገ «ስንቱ አለፈ?» ይላል፤ ከጎኑ ያለው «ምን ያልፋል፣ ሁሉም ወድቋል» ይለዋል። ከዚያ የሚቀጥለውንም ለምደነዋል። «እንግዲህ ታናሹን ለምን አደክመዋለሁ፣ ሱቅ ይቀመጥ።» «ልጅቷም አክስቷ ዘንድ ሪያድ ትሂድ፣ ቢያንስ ብር ትልካለች።» ታናሹ ገና 7ኛ ክፍል ነው። ልጅቷም ደህና ከሚባሉት ተማሪዎች አንዷ ናት። የወደቀው ሌላ ልጅ፣ ከትምህርት የሚወጡት እነሱ!

እኛ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መስጂዶች ዙሪያ ቁርኣን የምናስተምር ኡስታዞች ነን። አብዛኞቻችን የመንግሥት ትምህርት ቤትንም ተምረን ያለፍን ነን። ጠዋት እኛ ዘንድ አሊፍ ባ የሚቀራው ልጅና ከሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ያው አንዱ ልጅ ነው። ስለዚህ «ይህ የአስኳላ ጉዳይ ነው፣ የመስጂድ ጉዳይ አይደለም» የሚለንን ሰው አንሰማውም። ይህ ሰላማዊ እንቅስቃሴያችን ራሱ በ2004 ዓ.ም. የተነሣው ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከአወሊያ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ያኔ የጠየቅነው ተቋሞቻችን በማን ይተዳደሩ የሚለውን ነበር። ዛሬ የምንጠይቀው ልጆቻችን ተምረው ይወጣሉ ወይ የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን በትክክል እንያዘው፤ በወሬ ላይ የቆመ ተቃውሞ አይጸናምና። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ከ845,188ቱ 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ፤ ከ585,882ቱ 48,929 መሆናቸው ነው። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያያል። መቶኛው ከፍ ብሏል፤ ለፈተና የተቀመጠው ልጅ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ቀንሷል። የቀሩት የት ሄዱ? በእኛ አካባቢ መልሱን ለማግኘት ጥናት አያስፈልገንም። አንዳንዱ ሱቅ ውስጥ አለ፤ አንዳንዱ ባሕር ተሻግሯል፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ቤቱ ቁጭ ብሏል።

ሌላም ማየት ያለብን አለ። ከመካከላችን «ይህ በእኛ ላይ የታቀደ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አንዱ በሙስሊሙ ላይ ነው ይላል፣ ሌላው በአማራ ክልል ላይ ነው ይላል። አንድም ልጅ ያላለፈባቸው 1,328 ትምህርት ቤቶች ግን የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ክልል አይደሉም። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆችም የወደቁት በዚሁ ፈተና ነው። በደል ሲደርስብን በደል እንበል፤ የጋራ ውድቀትን ግን የእኛ ብቻ አድርገን ብንናገር ማንም አይሰማንም፤ እውነትም አይሆንም።

አሁን ወደ ሃምሳው እንምጣ። «ሰላማዊ ሰልፍ እንውጣ፣ የማለፊያ ነጥቡ ይቀነስልን» የሚል ሐሳብ በወጣቶቻችን ዘንድ ይነሣል። ስሜታቸው ይገባናል፤ በሐሳቡ ግን አንስማማም። ከ2014 በፊት የነበረውን እናውቀዋለን። ፈተና በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ መልስ በስልክ ይመጣ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት ራሱ አስቀድሞ ወጥቶ በመላ አገሪቱ ፈተናው ተቋርጧል። ያን ጊዜ ማን ተጠቀመ? ስልክ ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ የሚከፍለው ያለው። ሌሊት በኩራዝ ያነበበው የገበሬ ልጅ ከእሱ በታች በሆነ ልጅ ተቀደመ። ማጭበርበር ሐራም መሆኑን በሚንበር ላይ እየተናገርን፣ ማጭበርበር በቀረ ጊዜ «ውጤቱ ዝቅ አለብን» ብለን ሰልፍ ልንወጣ አንችልም። ከ100 ጥያቄ 50 መመለስ ለ12 ዓመት ለተማረ ልጅ ብዙ አይደለም። በሐኪም ቤት የሚያክመን፣ ድልድይ የሚሠራልን፣ ልጆቻችንን የሚያስተምር ሰው ግማሹን ይወቅልን ማለት ግፍ አይባልም።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ጥያቄ ለምን በመጨረሻው በር ላይ ብቻ ይጠየቃል?

በቁርኣን ቤት ያለውን ሥርዓት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ ሎሁን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የትናንቱን ያሰማል። ካሰማ ሎሁ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፍለታል። ካላሰማ አይታጠብም። ነገም ያንኑ ይዞ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም። ዛሬ ሎህ ቀርቶ በታተመ ቃዒዳ የሚያቀሩ ብዙ ናቸው፤ ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። ፋቲሓን ያልያዘ ልጅ ወደ ዐማ ጁዝ አይሻገርም። አንድ ልጅ ከሌላው ሁለት ዓመት ቢዘገይ ማንም ጉድ አይልም፤ እንደየአቅሙ ነው የሚሄደው። ዋናው ነገር ግን ኡስታዙ እያንዳንዱ ልጅ የት እንደቆመ በየቀኑ ማወቁ ነው። ሠላሳ ደረሳ ቢኖረን የሠላሳውንም ቦታ በቃል እንናገራለን። (የእኛ ቤት ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ልጅ ዓመታት ቀርቶ የሚቀራውን ትርጉም የማያውቅበት ቦታ አለ፤ እሱን በሌላ እትም እንነጋገርበታለን።)

በመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ይሆናል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣቸው አሠራሮች አንዱ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። መምህሩ በተከታታይ ምዘና እያየ፣ የደከመውን እየረዳ ያሳልፈው ነው የሚለው። በሥራ ላይ የዋለው ግን ማሳለፉ ብቻ ነው። ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንዱ ማንበብ አለመቻሉን መምህሩ ቢያውቅም ጊዜ የለውም። እንዲህ ሆኖ 4ኛ ይገባል፣ 5ኛ ይገባል። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ 10 ዓመት አካባቢ ካሉ ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገምቷል። ከአሥር ዘጠኙ! በ12ኛ ክፍል የወደቁት የሚባሉት እንግዲህ እነማን ናቸው? በ3ኛ ክፍል የወደቁትና ማንም ያልነገራቸው ልጆች ናቸው።

ከዚያ ቋንቋው ይመጣል። ልጁ በአማርኛ ሲማር ይቆይና 9ኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የባዮሎጂ ጥያቄ እንዲመልስ ይጠየቃል። ደረሶቻችን እኛ ዘንድ ቁጭ ብለው የትምህርት ቤት ደብተራቸውን ሲያጠኑ እናያቸዋለን። ከሰሌዳ የገለበጡትን በቃላቸው ይይዙታል፤ ቃል በቃል፣ እንደ ሱራ። «ይህ ምን ማለት ነው?» ስንላቸው ዝም ይላሉ። ቃል የመያዝ ችሎታቸው የሚያስደንቅ ነው። የጎደላቸው የሚያስረዳቸው ሰው ነው።

በመካከል ክልላዊ ፈተና የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ፤ የ8ኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» ዛሬም ይሰጣል። ሆኖም በሚኒስትሪ አልፈው ከሄዱት ውስጥ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ከአራት ዓመት በኋላ በ12ኛ ክፍል ከወደቁ፣ ሚኒስትሪው ምን ሲለካ ነበር? የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ልጁን «የት ደረስክ?» የሚለው ከራሱ ትምህርት ቤት ውጭ ማንም የለም። ትምህርት ቤቱም በዓመቱ መጨረሻ በካርዱ ላይ 70 እና 75 ሞልቶ ይሰጠዋል። አባት ካርዱን አይቶ ደስ ይለዋል። ያ 75 በብሔራዊ ፈተና 28 ሆኖ ሲመጣ አባት የሚቆጣው በልጁ ላይ ነው።

ከነቢያችን ﷺ ሲራ ሁላችን የምናውቀውን ታሪክ እናንሣ። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ግን መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች ነበሩ። ከእያንዳንዳቸው የተጠየቀው ለ10 የመዲና ልጆች ጽሕፈት ማስተማር ነው። ልጆቹ ሲችሉ ምርኮኛው ነፃ ይወጣል። ዘይድ ኢብኑ ሣቢት ረዲየላሁ ዐንሁ ከእነዚያ ልጆች አንዱ እንደነበሩ ይነገራል። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው እስልምና ለትምህርት የሰጠውን ቦታ ለማሳየት ነው። ዛሬ ሌላውን ጎኑን እዩልን። መስፈርቱ የተጣለው በማን ላይ ነበር? በልጆቹ ላይ አልነበረም። በሚያስተምረው ላይ ነበር። ልጁ ካልቻለ ታስሮ የሚቆየው መምህሩ ነው።

በአገራችን ግን አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ይከፈታል። ያው ቤተ መጻሕፍት የሌለው ግቢ፣ ያው ለብዙ ተማሪ አንድ የሚደርሰው መጽሐፍ። መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም። ደሞዛቸው ወር የማያደርሳቸው፣ በዚህ ጭንቅ ጊዜ ውስጥ ሥራቸውን ያልተዉ መምህራን አሉ፤ አላህ ይቁጠርላቸው። የምንለው ይህ ነው፦ 50 የሚል መስፈርት ለልጁ ከተጻፈለት ለትምህርት ቤቱ፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለቢሮውም ይጻፍ።

ስለ ማትሪክ ትንሽ እንበል፤ በዕድሜ የገፉ አባቶቻችን ደጋግመው ያነሡታልና። በማትሪክ ዘመን ውጤት በየትምህርቱ በፊደል ይሰጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያልገባውም በያዘው ሰርተፊኬት መምህራን ማሠልጠኛ ይገባ ነበር፣ ጤና ረዳት ይሆን ነበር፣ በጽሕፈት ቤት ይቀጠር ነበር። ማለትም «ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ» እና «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ዛሬ በሕዝባችን ዓይን አንድ ሆነዋል። 48 ያመጣና 15 ያመጣ ሁለቱም «ወደቀ» ተብለው አንድ ላይ ይቆጠራሉ። ለሃምሳ ቀረብ ያሉት በሪሜዲያል የሚገቡበት ዕድል ከ2015 ጀምሮ አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ። በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም አለ። እነዚህ ሁሉ እያሉ አንድ አባት በመስጂድ በር በሰማው ወሬ የ7ኛ ክፍል ልጁን ከትምህርት ሲያወጣ ዝም ብለን ማየት አንችልም። 12ኛን የጨረሰ ነጋዴ ሒሳቡን ይይዛል፣ ውሉን ያነባል፣ የግብር ደብዳቤ ሲመጣለት የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ጎረቤት አይዞርም። ይህም ትርፍ ነው።

ለሴቶች ልጆቻችን ደግሞ ከሃምሳው በፊት የሚመጣ ሌላ መስፈርት አለ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም 159 ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አሳውቋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክልከላው እንዲታገድ ትእዛዝ ተሰጠ፤ በመቀሌም ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። አልሐምዱ ሊላህ፣ እህቶቻችን ብቻቸውን አልቀሩም። ከዚህ የምንይዘው ግን የምዝገባ ጊዜ አጭር መሆኑን ነው። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የተመለሰ መብት ለአንዲት ልጅ አንድ ሙሉ ዓመት ያስከፍላታል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ዓመት የቀረች ልጅ ብዙ ጊዜ ተድራ ወይም ተሰዳ ትቀራለች።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብትን አስቀምጧል። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል፤ የሚናገረው ስለሚሰጠው ትምህርት እንጂ ልጅቷ በራሷ ላይ ስላደረገችው ሻሽ አይደለም። ይህን ለማስረዳት ድምፅ ከፍ ማድረግ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። በአካባቢያችን በአንድ ትምህርት ቤት ለምዝገባ ፎቶ «ጆሮሽ ካልታየ» ተብላ ሁለት ጊዜ የተመለሰች ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ወንድሟ፣ ከጀመዓችን አንድ ሽማግሌና የክፍሏ ኃላፊ መምህር አብረው ሄዱ። መምህሩ ክርስቲያን ናቸው፤ ይበልጥ የተናገሩላትም እሳቸው ነበሩ። በሰላም ተመዘገበች። ሁለት ጊዜ ስትመለስ ብቻዋን ነበረች። ለዚህ ነው በምዝገባ ሳምንት ከየመስጂዱ ሁለት ሰው ተመድቦ ከልጆቹ ጋር ይሂድ የምንለው።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉዳይም አለ። ከ2014 ወዲህ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ስለሚሰጥ ልጆች ከቤት ርቀው ያድራሉ። ልጁን እስከ 12ኛ አስተምሮ በመጨረሻዋ ሳምንት «ሴት ልጄ የት ልታድር ነው?» ብሎ የሚያስቀር አባት አለ። ጭንቀቱን አንንቀውም። ግን ልጃገረዶቹ በቡድን ሆነው፣ እናቶች እስከ በሩ ሸኝተው፣ በግቢው ያሉ ሙስሊም እህቶች ተቀብለው ማገዝ ይቻላል። ይህ የሁለት ስልክ ሥራ ነው። የፈተናው መርሐ ግብር ከጁሙዓ ሰላት ጋር እንዳይጋጭም አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ በዕለቱ በር ላይ መከራከር የሚጎዳው ተፈታኙን ነው።

ስለ ሰላሙ ሁኔታ ብዙ አንልም። ሁላችን የምንኖርበት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የከረመው። በክልላችን ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በሰኔ 2015 10ኛን የጨረሰች ልጅ በ2017 ተፈታኝ መሆን ነበረባት፤ ስንቷ ተፈተነች? እኛ የማንም ወገን ቃል አቀባይ አይደለንም። ለሁሉም ወገን የምንለው አንድ ነው፦ ትምህርት ቤት የማንም ምሽግ፣ የማንም ዒላማ አይሁን። ልጅ ደብተር ስለያዘ፣ መምህር ጠመኔ ስለያዘ አይጠየቅ። መንግሥትም ሁለት ዓመት በሩ የተዘጋበትን ልጅ ሳይቋረጥ ከተማረው ጋር በአንድ ቀን ሲፈትን፣ ቢያንስ የጠፋውን ጊዜ የሚያካክስ ትምህርት አስቀድሞ ይስጠው። ይህ የነጥብ ቅናሽ ጥያቄ አይደለም። ጊዜ ይመለስልን ነው የምንለው።

እስከዚያው ምን እናድርግ? ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ እንኳ ሐለቃዎቻችን አልተበተኑም፤ ልጆቹ እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር። ቦታው አለ፣ ምንጣፉ አለ፣ ልጁም አለ። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት በሳምንት አራት ቀን ሒሳብና እንግሊዝኛ ይሰጥ። የሚያስተምረው አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ በየጀመዓው ሁለትና ሦስት አለ፤ ከዘካ ሳይሆን ከሰደቃ ትንሽ የትራንስፖርትና የምሳ ብር ይታሰብለት። ግን ከ12ኛ ክፍል አንጀምር። ሰው ሁሉ ለ12ኛ ማጠናከሪያ ሲል ይሯሯጣል፤ የተሰበረው ከታች ነው። ከ3ኛና ከ4ኛ ክፍል እንጀምር። ልጁን አንድ ገጽ አማርኛ እናስነብበው። ካላነበበ ሎሁ አይታጠብም፤ በቃ፣ የምናውቀው ሥርዓት ነው። የጎረቤት ክርስቲያን ልጅ መማር ከፈለገ ከመስጂዱ ውጭ ባለው የመድረሳው ክፍል ይቀመጥ፤ አይመለስ።

ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጂዶቻችን በተቃጠሉና የወንድሞቻችን ሱቆች በተዘረፉ ጊዜ ከመላ አገሪቱ የተሰበሰበውን ያስታውስ። ሙስሊሙ ለተቃጠለ ግድግዳ እጁን አላጠፈም። ለደብተርና ለአንድ ሰሌዳ የሚሆን አያጣም።

ከመስጂድ ውጭ ያለው ሥራ ደግሞ ወተመህ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ በምርጫው ቀን ግን ከእኛ ወገን የሚገኘው አባት ጥቂት ነው። ሱቅ አልዘጋም ይላል። በማንሳተፍበት ስብሰባ ስለ ሂጃብ፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ጁሙዓ ሰዓት ይወሰንና በኋላ ሰምተን እንቆጣለን። በዚህ ዓመት ልጁን ያስመዘገበ አባትና እናት ሁሉ በስብሰባው ይገኝ። እዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ይሁን፦ በዚህ ትምህርት ቤት በ4ኛ ክፍል ካሉ ልጆች ስንቱ ማንበብ ይችላል? ቁጥሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍልን። ካልታወቀም ይመዘንና ይለጠፍ። ከክርስቲያን ወላጆች ጋር አንድ ላይ ሆነን ከጠየቅነው ጥያቄው የማንም ሃይማኖት አይሆንም፤ ለመመለስም ያስቸግራል።

በመጨረሻ ለዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች። የልጃችሁን የ8ኛ ክፍል ካርድ ዛሬ አውጥታችሁ ስሙን አንብቡ። የእኛ ስሞች በየመዝገቡ ይለያያሉ፤ አንዱ ጋ «ዐብዱረሕማን»፣ ሌላው ጋ «አብድራማን»፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የፋይዳ መታወቂያ ያላወጣ ያውጣ፤ ስሙም ከካርዱ ጋር አንድ ይሁን። ማረሚያ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ካለ ምዝገባው ሳይጀመር ነው የሚጠየቀው። በቢቸናም በሞጣም ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመድረሳው ክፍል እንቆያለን፤ ካርዱንና መታወቂያውን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን ኢንሻአላህ።